ገመና ከታች

አማርኛ ሀብታም ቋንቋ ነው እንላለን። እውነት ነው። ሀብታም ሰው ግን አንዳንዴ በገዛ ጓዳው ያለውን ዕቃ ረስቶ ከጎረቤት ይዋሳል። በየስልካችን የአማርኛ ገጽ ላይ «ግላዊነት» የምትል ቃል አለች። አዲስ ነገር በጫንን ቁጥር ብቅ ትላለች፤ «እስማማለሁ» የሚለውን እስክንነካላት ትጠብቃለች፤ ነክተን እናልፋታለን። ቃሏን ለአንዲት የሰፈራችን እናት ብናነብላቸውና «ራስን መውደድ ማለት ነው እንዴ?» ብለው ቢጠይቁን አይፈረድባቸውም። በጓዳችን የነበረው ቃል ገመና ነው። ገበና የሚሉም አሉ፤ አያጣላም። ገመና የቤት ነገር ነው፤ ባዶ የዋለ ሌማት፣ የልጅ ሕመም፣ ያልተመለሰ ብድር፣ ባልና ሚስት መብራት አጥፍተው የተነጋገሩት። ገመና የሌለው ሰው የለም። ገመናን የሚሸፍን ሰውም በእኛ አገር ጨዋ ይባላል እንጂ አይጠረጠርም። «ገመና ከታች» ስንል ማመስገናችን ነው።

ነገሩ ከቤት ወጥቶ ስልክ ላይ ሲደርስ ግን ምን እንደሚነካን እንጃ። «የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚለው አባባል ከባለሥልጣን አፍ ብቻ ሳይሆን ከተማረ ሰው አፍም ይሰማል። ይህን የሚል ሰው ማታ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ሲያወርድ «ምን ወንጀል ልሠራ ነው?» ብሎ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ለንስሐ አባቱ የሚነግረውን በድምፅ ማጉያ አይናገርም። የባንክ ደብተሩን ካፌ ጠረጴዛ ላይ ገልጦ ሽንት ቤት አይሄድም። ስልኩ ግን መጋረጃውም፣ ንስሐውም፣ የባንክ ደብተሩም ሆኗል። ያንን ሲሸፍኑት ጨዋነት፣ ይህን ሲሸፍኑት ጥርጣሬ የሚሆንበት ምክንያት አልገባኝም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ሰሞኑን ብራያር የሚባል ሶፍትዌር ስፈትሽ ስለሰነበትሁ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ከሶፍትዌር ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። ሶፍትዌርም እኮ የተጻፈ ነገር ነው። ደራሲ አለው፤ እትም አለው፤ ስለ ሰው ልጅ የያዘው ግምትም አለው። አንድ ልብ ወለድ ሰውን ክፉ ነው ብሎ እንደሚነሣ ወይም የዋህ ነው ብሎ እንደሚነሣ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ተጠቃሚው ማን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚያምንና ማንን እንደሚፈራ ወስኖ ይነሣል። ሂስ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ብራያር በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራ የመልእክት መላላኪያ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ በ2010 ዓ.ም. ወጣ፤ እኔ የሞከርሁት በቅርቡ የወጣውን ነው። ከለመድናቸው መላላኪያዎች የሚለየው በአንድ ነገር ነው። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ግድግዳ ለሚለየን ጎረቤታችን «ቡና ፈልቷል፣ ኑ» ብለን ስንጽፍ መልእክታችን ባሕር ተሻግራ፣ የኩባንያው ሰርቨር ዘንድ ደርሳ፣ ተመልሳ ነው ጎረቤታችን ቤት የምትገባው። ብራያር ሰርቨር የለውም። መልእክቱ ከላኪው ስልክ ወደ ተቀባዩ ስልክ ይሄዳል፤ የሚቀመጠውም እዚያው ሁለቱ ስልኮች ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ካለ ቶር በሚባለው መረብ ተሸፋፍኖ ያልፋል። ኢንተርኔት ከሌለ በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ፣ ስልክ ለስልክ ሲቀራረብ፣ ይተላለፋል። የስልክ ቁጥር አይጠይቅም። ፈረንጆቹ ይህን አሠራር «ፒር ቱ ፒር» ይሉታል፤ ከአቻ ወደ አቻ እንበለው። እኛ ዘንድ ተረቱ አስቀድሞ አለ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሃምሳውን ሎሚ የተሸከመውን አንዱን ሰው ያስቆመ፣ ሎሚውን ሁሉ ያዘ ማለት ነው። ሃምሳ ሰው አንዳንድ ከያዘ ግን ሃምሳ ሰው ማስቆም ያስፈልጋል።

ክፍት ምንጭ መሆኑም መነገር አለበት። ኮዱ ማንም እንዲያነበው ተዘርግቶ የተቀመጠ ነው። ይህ ማለት እኔ አነበብሁት ማለት አይደለም፤ ባነበውም አይገባኝም። ግን ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊያነበውና ስሕተት ሊያወጣበት ይችላል። አዲስ እትም ሲወጣም ፈታሹ ተጠቃሚው ራሱ ነው። የድርሰት ረቂቅ ከመታተሙ በፊት ወዳጆች እጅ ገብቶ «እዚህ ጋ ተሰናክያለሁ» እንደሚባለው መሆኑ ነው። «እመኑኝ» ከሚል ደራሲና «አንብባችሁ ፍረዱ» ከሚል ደራሲ የትኛውን እንደምመርጥ መናገር አያሻኝም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ይህ ነገር ለጀርመን ወይም ለካናዳ ሰው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ የቴሌኮም በር ለረጅም ዘመን አንድ ነበር። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት፣ በሰኔ፣ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘጋ፤ የተመለሰው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ሚሌኒየሙ ሲደርስ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጣ፣ ልጅ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ወራትና ዓመት ቆጠረ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉ፤ አምስት ወር ቆዩ። ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ምክንያቱ አንዴ ምርጫ፣ አንዴ ፈተና፣ አንዴ ግድያ፣ አንዴ ጦርነት ነው። በሩ ግን ያው በር ነው።

ለመንግሥትም ፍትሐዊ እንሁን። በፌስቡክ የተጻፈ ቃል ሰው ያስገደለበት ቀን የለም የሚል ሰው ካለ አብሮን አልኖረም ማለት ነው። «ደም እንዳይፈስ ዘጋን» የሚለው መልስ ባዶ አይደለም። ሆኖም በሩ ሲዘጋ ቀስቃሹ ብቻ አይደለም ውጭ የሚቀረው። ለወንድሟ መርዶ የምትልከው፣ መድኃኒት የምታፈላልገው፣ የዕለት ገንዘቧን የምትጠብቀውም እዚያው በር ላይ ትቀራለች። አንድ በር ያለው ቤት ሌባ ሲገባበትም፣ እሳት ሲነሣበትም መውጫው ያው አንዱ ነው።

ቶርን ከላይ ጠቅሼዋለሁ፤ የእኛ አገር ታሪኩ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ቶር መልእክትን በሦስት አቀባባዮች በኩል ያሳልፋል። እያንዳንዱ አቀባባይ የሚያውቀው ከማን እንደተቀበለና ለማን እንደሚያቀብል ብቻ ነው፤ መነሻውንና መድረሻውን አንድ ላይ የሚያውቅ የለም። የ1968ና የ1969 ዓ.ም.ን ዘመን በዕድሜያቸው የደረሱበት አንባቢዎቼ ይህን ለማስረዳት ኮምፒውተር አያስፈልጋቸውም። ኅቡዕ ሕዋስ የሚባለው ይኸው ነበር። አንድ አባል የሚያውቀው ከበላዩና ከበታቹ ያሉትን ጥቂት ሰዎች ነው፤ ቢያዝና ቢገረፍ እንኳ የማያውቀውን አይናገርም ተብሎ ታስቦ ነው። ሰንሰለቱ ሲበጠስ የወደቀው ሰው ብዛት ደግሞ የዚህን አሠራር ወሰን ያስተማረን የአገራችን መራራ ትምህርት ነው።

የቶር አቀባባዮች ዝርዝር ለሁሉም የተገለጠ ስለሆነ መዝጋት የሚፈልግ ዝርዝሩን ይዞ ይዘጋቸዋል። ለዚህ የተበጀው መላ ከዝርዝሩ ውጭ የሆኑ፣ ስማቸው ያልተጻፈ አቀባባዮች ናቸው። እነዚህን «ድልድይ» ይሏቸዋል። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ድልድዮቹም ጭምር መሥራት አቆሙ። የቶር ሰዎች ነገሩን ሲመረምሩ ኢትዮ ቴሌኮም የሚያልፈውን ዳታ ገልጦ የሚመረምር መሣሪያ ሥራ ላይ ማዋሉን ደረሱበት። የሚገርመው ቶርን ያሳወቀው ምን እንደሆነ ነው። የተላከውን መልእክት ማንም አላነበበም፤ መልእክቱ ተቆልፏል። ሁለት ኮምፒውተሮች ንግግር ከመጀመራቸው በፊት ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የቶር ሰላምታ ከሌላው ሰላምታ ጥቂት ይለይ ነበርና መሣሪያው በዚያ ለየው፤ የድልድዩ የመልስ ሰላምታ ወደ ተጠቃሚው ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ።

እስቲ አስቡት! እኛ እኮ ሰው ከየት እንደመጣ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ሲል የምናውቅ ሕዝብ ነን። ጎጃሜውን፣ ሸዌውን፣ ወሎዬውን በሰላምታው እንለየዋለን፤ ጉዳዩን እስኪነግረን አንጠብቅም። መሣሪያውም ያደረገው ይህንኑ ነው። ለኢትዮጵያ ተጠቃሚዎች የተመከረው መፍትሔም የቶር ሰላምታ የቶር እንዳይመስል የሚያደርግ ተጨማሪ ፕሮግራም ነበር።

ሰምና ወርቅ ሳስተምር ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር፤ የተቆለፈ ሣጥንና በሰም የተለበጠ ወርቅ ልዩነታቸው ምንድን ነው? የተቆለፈው ሣጥን «በውስጤ ነገር አለ» እያለ ይጮኻል። ሰሙ ግን ሙሉ ትርጉም ያለው ንግግር ነው፤ ሰምቶ የሚሄድ ሰው ወርቅ እንዳለፈው አያውቅም። ምስጠራ ብቻውን የተቆለፈ ሣጥን ነው። ሣጥን ይዞ መንገድ ላይ መታየት ራሱ በሚያስጠይቅበት አገር ቁልፉ ጠንካራ መሆኑ ግማሽ መልስ ነው።

ብራያርን ለመፈተሽ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን የመረጥሁት ሁለት ነገር አስቤ ነው። አንደኛው፣ ከፒያሳ ወደ መርካቶ የሚጎርፈው ሰው፣ ታክሲና ተሸካሚ ስለሚበዛበት ነው፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ፀጥ ባለ ቢሮ ውስጥ ቢሠራ ምን ይገርማል? ሁለተኛው ስሙ ነው። ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት፣ ሕዝቡ «አባ መላ» ይላቸው ነበር። መላ የሚፈተሽበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ፈታሾቹ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ አብሮኝ ያስተማረ አንድ ወዳጄ፣ እና ስልክ በመጠገን የሚተዳደር አንድ ወጣት። መጀመሪያ መገናኘት ነበረብን። ብራያር በቅርብ ያለን ሰው የሚያስተዋውቀው ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን ስልክ ኮድ በካሜራ ሲያነብ ነው። ከሩቅ ሆኖ በሊንክ መተዋወቅም ይቻላል፤ እኛ ግን በአካል አደረግነው። ወጣቱ ኮዱን እያነበበ «ጋሼ፣ ዋትስአፕ አይበቃዎትም እንዴ?» አለኝ። «ዋትስአፕ ሲዘጋስ?» አልሁት። «ቪፒኤን አለ!» አለ ሳያመነታ። እውነቱን ነው፤ በ2015ቱ መዘጋት ቪፒኤን የከተማው ልጅ ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። ግን ቪፒኤን የተዘጋ ገጽ ያስከፍታል እንጂ የጠፋ ኢንተርኔት አያመጣም። ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና «ለጎንደሩ ወንድሜ ያኔ አልሠራለትም» አለ።

ሦስታችንም የሞባይል ዳታችንን አጠፋን። ብራያር ውስጥ «መድረክ» የሚሉት፣ ብዙ ሰው የሚሳተፍበት የጋራ ጽሑፍ አለ፤ አንድ ከፍተን «እድር» አልነው። ወዳጄ ድልድዩን ተሻግሮ በመርካቶ በኩል ራቅ ብሎ ቆመ። እኔ በፒያሳ በኩል ሆኜ «የወሩ መዋጮ እሑድ ነው» ብዬ ጻፍሁ። አልደረሰም። ሊደርስም አይችልም፤ ብሉቱዝ የሚሻገረው በጥቂት ሜትሮች ነው። ከዚያ ወጣቱ ከእኔ ዘንድ ተነሥቶ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ በተሸካሚውና በሻጩ መካከል እየተሹለከለከ ድልድዩን ተሻገረ። ወዳጄ አጠገብ ሲደርስ መልእክቴ በወዳጄ ስልክ ላይ ታየ። መልሱም በዚያው መንገድ ወጣቱ ሲመለስ መጣ፤ «መዋጮው ስንት ሆነ?» ይላል።

ሳቅን። ግን ነገሩ የሚሳቅበት ብቻ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ከገበያ ሲሰበሰብ መጽሐፉ ያልሞተው እንዲህ ነው። ሱቁ ባዶ ሆነ፤ በሰው እጅ የቀሩት ቅጂዎች ግን በጋዜጣ ተጠቅልለው ከእጅ ወደ እጅ ሄዱ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥቶ ቀረ፤ መጽሐፉን ግን ማስቀረት አልተቻለም። መደብር የሌለውን ነገር በየትኛው መደብር ሄደህ ትወርሰዋለህ?

እንግዲህ ሂሱ። አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ወጣቱ የተሸከመውን መልእክት ማንበብ መቻሉ ነው። ሦስታችንም የመድረኩ አባላት ነን፤ መልእክቱን ሊያደርስ የቻለውም አባል ስለሆነ ነው። ለወዳጄ ብቻ የጻፍሁትን የግል መልእክት ሦስተኛ ሰው አይሸከመውም፤ ሁለታችን እስክንገናኝ ወይም ኢንተርኔት እስኪመጣ ይጠብቃል። ይህ የአሠራሩ ውሳኔ ነው፤ ጉድለት አልለውም። ሶፍትዌሩ የማያውቀውን ሰው አያምንም፤ የምታውቀውን ሰው ግን አንተ እንድታምነው ይተውልሃል። የድሮ መልእክተኛ እንዲሁ ነበር፤ ደብዳቤውን የያዘው ሰው ማንነት ከደብዳቤው እኩል ይታሰብበት ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ኩባንያውን ከመካከል ስታወጣው መተማመን የሚባለው ሥራ ከትከሻህ አይወርድም፤ እንዲያውም ሙሉ በሙሉ ወደ አንተ ይመለሳል።

ሁለተኛው፣ ይህ መሣሪያ ኢንተርኔት ሲጠፋ ጎረቤት ይፈልጋል። በብሉቱዝ የሚሠራ መረብ የሚዘረጋው ሰው ከሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት ሰፈር ነው። የድሮው ፒያሳ ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር፤ ግድግዳ ለግድግዳ፣ በር ለበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን በኮሪደር ልማቱ ብዙው የፒያሳ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበትኗል። እድሩ ዛሬ የሚሰበሰበው ቴሌግራም ላይ ነው። አስፋልቱ አምሯል፤ መብራቱም ደምቋል፤ አልክድም። ግን ጎረቤትነት ከመሬት ተነሥቶ ሰርቨር ላይ ሲሰፍር፣ ያ ሰርቨር በተዘጋ ቀን ሰፈሩ ለሁለተኛ ጊዜ ይፈርሳል። ለዚህ ብራያር መድኃኒት የለውም። ማንም ሶፍትዌር የለውም።

ሦስተኛው፣ ስልኩ ራሱ ነው። የትኛውም ምስጠራ መልእክትን የሚጠብቀው መንገድ ላይ ነው። ደብዳቤውን ስትጽፍ ከትከሻህ በላይ የሚያይ ሰው ካለ የፖስታው ማሸጊያ ምን ያደርጋል? ይህም ለእኛ ተረት አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶግራፍ እንደ ማጥመጃ የሚጠቀምና ፊንፊሸር የሚባል የስለላ ሶፍትዌር አግኝቶ ከኢትዮጵያ ጋር አያይዞታል። በየካቲት 2006 ዓ.ም. ደግሞ በውጭ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በሠራው መሣሪያ መጠመዳቸውን አወጣ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የዚያው ኩባንያ ሰነዶች ራሳቸው ሾልከው ሲወጡ ኢትዮጵያ ከደንበኞቹ አንዷ እንደነበረች ታየ። እንዲህ ያለ ነገር ስልክህ ውስጥ ከገባ ብራያርም፣ ቶርም፣ ሌላውም መጋረጃ ናቸው፤ ሰውዬው ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቷል። ስልካችንን ሲበላሽ ከነይለፍ ቃሉ ለማናውቀው ጠጋኝ የምንሰጥ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ስልክ የምናዞር ሰዎች ይህን ጠበቅ አድርገን ልናስብበት ይገባል። ብራያር በበኩሉ ጠንከር ያለ ነው፤ የይለፍ ቃልህን ከረሳህ የሚያስታውስልህ ድርጅት የለም፤ ያለህ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ለረሺ ሰው ይህ ቅጣት ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ከሶፍትዌሩ ውጭ ያለው ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን 9 ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ስማቸውን ያወጡት ከቃሊቲ ነበር፤ ወኅኒ ቤቱ ስምንት ዞን አለው፣ ዘጠነኛው እኛ ውጭ ያለነው ነን ለማለት። በሐምሌ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲከሰሱ፣ በክሱ ውስጥ ከተጠቀሱባቸው ነገሮች አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በሚባል፣ ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ ሊያነበው በሚችል የዲጂታል ጥንቃቄ መማሪያ መሠልጠናቸው ነበር። ግልጽ ላድርገው፤ ኢሜይልን እንዴት መቆለፍ እንደሚቻል መማር ከሽብር ማስረጃ ጋር ተቆጠረ። አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ በነፃ አሰናበታቸው። እስከዚያ ግን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ታስረው ነበር። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ 264 ተዘግተው የነበሩ ድረ ገጾችና ጦማሮች ተከፍተዋል። መልካም ነገር መልካም ይባላል። አስተሳሰቡስ ተተክቷል ወይ? ቁልፍ የገዛ ሰው ሌባ ነው የሚለው አስተሳሰብ?

ይህን ፍርሃት አዋጅ ብቻውን አይሽረውም። አንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ብቻ መጋረጃ ቢኖረው ሁሉም ያንን ቤት ያያል። ሁሉም ቤት መጋረጃ ካለው ግን መጋረጃ ዕቃ ይሆናል፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። የገመና ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ብቻ ከተጠቀመበት ሶፍትዌሩ ራሱ ጠቋሚ ይሆንባቸዋል፤ ስልካቸው ላይ መገኘቱ ብቻ ይበቃል። የእድር መዋጮ፣ የልጅ ልደት፣ የጤፍ ዋጋ የሚወራበት ሲሆን ግን ወርቁ ሰም አገኘ ማለት ነው። ተራው ሰው ስለ ተራ ነገር ሲጠቀምበት ራሱን ብቻ አይሸፍንም፤ መሸፈን ግድ የሆነበትን ሰውም አብሮ ይሸፍነዋል። ሃምሳ ሎሚ ያልነው እዚህ ላይ ነው የሚሠራው።

የብራያር ትልቁ ድክመት የምለውም ይኸው ነው። ለተራው ሰው አልተሠራም። አይፎን ያለው አይገባበትም። ሰው ለማግኘት አጠገቡ መቆም ወይም ረጅም ሊንክ መለዋወጥ ይጠይቃል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ካልተገናኙ መልእክት ይዘገያል፤ ይህን የሚያቃልል ተጨማሪ ፕሮግራም አዘጋጅተዋል፤ እሱም ግን ሁልጊዜ የበራና ከኢንተርኔት የተያያዘ ትርፍ ስልክ ይፈልጋል። ትርፍ ስልክ! ደራሲዎቹ በልባቸው የያዙት አንባቢ አደጋ ላይ ያለ፣ ጠንቃቃ፣ ብቻውን የሚያስብ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ይገባዋልም። ግን እሱን የሚያድነው የብቻው ጥንቃቄ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው የተራ ሰው ብዛት ነው። በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ፣ ግን ለጥቂቶች ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ይመስለኛል።

ፍርዴ ይህ ነው። ብራያር ቃሉን የሚጠብቅ ሥራ ነው፤ በድልድዩ ላይ የገባልንን ቃል አላጠፈም። ጫኑት፤ ከሚታመን ሰው ጋር ሞክሩት፤ በሩ የሚዘጋበት ቀን ከመምጣቱ በፊት ሞክሩት፤ ከተዘጋ በኋላ ከኢንተርኔት ማውረድ ያስቸግራልና። ስለ መሣሪያው ግን ከዚህ በላይ አትጠብቁ። የቀረው የእኛ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን ደብዳቤና የስልክ ግንኙነት ከመደፈር ይጠብቃል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን። ሕጉ የሚለው ተጽፏል። ያልተጻፈው፣ በየቢሮውና በየጣቢያው «ስልክህን ክፈት» የሚለው ሰው በልቡ የያዘው ነው። ያ ሰው የራሱ ቤት መጋረጃ እንዳለው ያውቃል። እናቱም ገመና ከታች እንደነበሩ ያውቃል። የሌላው ሰው ስልክም ቤት መሆኑን የሚነግረው ግን ሶፍትዌር አይደለም፤ እኛ ነን። ስንነግረውም «ግላዊነት» ብለን አንጀምር፤ አይገባውም። ገመና እንበለው፤ ያኔ ያፍራል።